የቁልቁለቱ ወንፊት

በፋብሪካው ግቢ ውስጥ በመጥረጊያ እጀታ ሰው መምታት በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ሌላ ቦታ ቢለጠፍ ሰው ይስቅበት ነበር፤ እዚህ ግን በማን ምክንያት እንደተለጠፈ ሁሉም ያውቃል። አንድ ቦቴ ነጂ ቫልቩን ሳይከድን ሊወጣ ሲል የጠራጊዎቹ አለቃ በእጀታዋ አፉን ስትለው ሁለት የፊት ጥርሱ ረገፈ። ሰውየው ከዚያን ቀን ወዲህ «ጥርሶ» ተብሎ ቀረ። ለእሷ ማስጠንቀቂያ ተጻፈላት፣ ማስታወቂያው ተለጠፈ፤ እጀታዋን ግን ከእጇ ሊቀማት የደፈረ የለም።

ነጂዎቹ በሌለችበት ብዙ ስም ያወጡላታል፤ በፊቷ የሚሏት «ወንፊቷ» ነው። ጠራጊዎቹ ሴቶች «እታለም» ይሏታል፤ ታናሽ ወንድሟ ሲጠራት ሰምተው የወሰዱት ነው።

ፋብሪካው የሚያወጣው የፕላስቲክ ፍሬ ነው። ምስር የምታህል፣ ለስላሳ ነገር ናት፤ ጀሪካኑም፣ ወንበሩም፣ ሳፋውም የሚሠራው እሷ ቀልጣ ነው። ጠባይዋ ግን ክፉ ነው። ትንከባለላለች፣ ትንሳፈፋለች፣ ጫማ ውስጥ ገብታ ቤት ድረስ ትከተላለች። ከፋብሪካው በር ጀምሮ ቁልቁለት ነው፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ደግሞ ባሕር። ድሮ ሴቶቹ ሥራ ሲያበቃ ግቢውን በውሃ ጎማ አጥበው መስታወት አስመስለውት ይሄዱ ነበር፤ በጽዳታቸውም ይመሰገኑ ነበር። ያ ሁሉ እጣቢ በቦዩ አድርጎ የት እንደሚገባ ያሰበ አልነበረም፤ ያሰበም ካለ ዝም ብሏል። አንድ ቀን ታዲያ እታለም ቤቷ ዓሣ ስትሰነጥቅ ከሆዱ ሰማያዊ ፍሬ ተዘረገፈ። ያን ሰሞን ስታጥበው የከረመችው ቀለም ነበር። ዓሣውን ከነመክተፊያው በመስኮት ወረወረችው።

በኋላ የወደቡ ፋብሪካዎች ተሰብስበው አንዲት ፍሬ ባሕር አናስገባም ብለው ቃል ገቡ። ማጠብ ቀርቶ በደረቁ መጥረግና በማሽን መምጠጥ መጣ። በየቦዩ አፍ የብረት ወንፊት ተገጠመ። የጫነ ቦቴ ከመውጣቱ በፊት ከጠራጊዎቹ መድረክ ሥር ቆሞ ጣሪያው ላይ የተንጠባጠበው ፍሬ ይጠረግለታል፣ ቫልቩም ይከደናል። ሦስት ጥፋት የተመዘገበበት ነጂ ከወደቡ በሮች ሁሉ ይታገዳል፤ አንዱ ያባረረውን ሌላው አያስገባም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሁሉ በትልቅ ሰሌዳ አጽፎ ሰቀለው። ለእሱ መፈክር ነበር። ለእታለም መሐላ ሆነባት፤ መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

የመጨረሻው ወንፊት ያለው ቁልቁለቱ ግርጌ፣ መንገዱን ይዞ ወርዶ ባሕር በሚገባው ቦይ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መያዣ የለም። ቁልፉን እታለም በክር አንገቷ ላይ አስራዋለች። ከወንፊቱ አጠገብ ከሲሚንቶ ምሰሶ ጋር የታሰረ ሰንሰለት መውጫውን ይዘጋል፤ ቦቴው ካልተፈተሸ ሰንሰለቱ አይወርድም።

ታናሽ ወንድሟ ቦቴ ነጂ ነው። ቁመቱ በር ያስጎነብሰዋል፣ እጁ አካፋ ያህላል፤ ስለዚህ ነጂዎቹ «ጩጬ» አሉት። ጩጬ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ሁለቱንም ጊዜ ያስመዘገበችው እሷ ናት።

ቤታቸው ሁለት ክፍል ናት። ከውስጥ ጩጬ፣ ሚስቱና ገና መዳህ የጀመረች ልጃቸው ይተኛሉ፤ እታለም ከበሩ ሥር ፍራሽ ዘርግታ ታድራለች። ሁለተኛው ጥፋት ከተመዘገበ ወዲህ የወንድሟ ሚስት ሰላምታ ነስታታለች። ሳህን ስታቀርብላት አቀረበች አይባልም፤ ወረወረች ነው የሚባለው። አንድ ምሽት ግን ራት ላይ ቁጣዋን ዋጥ አድርጋ ለመነቻት።

«እታለም፣ ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ ነው። ሌላውን ያዢ፣ እሱን እለፊው። አንድ ዓይንሽን ብትጨፍኚ ምን ይጎድልብሻል?»

እታለም ያየችውን አላየሁም ማለት እንደማትችል ነገረቻት። ጥርሶን ጥርሱን ያሳጣችው በዚሁ ነገር ነው፤ ወንድሟን ዝም ብላ ካሳለፈች ያ ምት የዱርዬ ምት ሆኖ ይቀራል። የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተራውን ጠብቆ ይጠረግ። ጩጬ ሳቀ። ተራ ጠባቂ አንዴ ሲመላለስ ብልጡ ሁለቴ ይመላለሳል አለ። ከዚያ ልጁን ከመሬት አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና እህቱን ትክ ብሎ አያት።

«ሦስተኛውን አትጽፊውም። እኔ አውቅሻለሁ።»

«እጽፈዋለሁ» አለችው።

ይህን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች እንጂ ልቧ አልቆረጠም። እናታቸው ስትሞት ይህን ልጅ ከጡቷ ላይ አንስታ፣ አዝላው እየዞረች ሥራ የለመነችው እሷ ናት። መንጃ ፈቃድ ያወጣ ቀን ከእሱ ይልቅ የጨፈረችው እሷ ናት። መሪ ከመጨበጥ ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም፤ ከወደቡ ከታገደ ጉሮሮውን በገዛ እጇ ዘጋችው ማለት ነው። ከታገደም እንደማይምራት ታውቃለች። ነገ ቦቴውን አስጠርጎ ይውጣ፤ ሌላ ጸሎት አልነበራትም።

በማግስቱ ሰማዩ እንደጠቆረ ዋለ። ዝናቡ ሳይመጣ ለመውጣት ነጂው ሁሉ ስለተጣደፈ የቦቴው ሰልፍ ከመድረኩ እስከ ጋራዡ ደረሰ። አንዱ ሰልፉን ሊቀድም መሪውን ሲጠመዝዝ ሌላው ከጋቢናው ዘሎ የቫልቭ መፍቻውን አነሳበት። ብረቱ ጆሮውን ገምሶት አለፈ። ከዚያ በኋላ ማን ከማን ጋር እንደሚደባደብ የሚያውቅ አልነበረም። አንዱ የሌላውን ፀጉር ጨብጦ ግንባሩን ከጭቃ መከላከያው ጋር ያላትመዋል፤ ሌላው የወደቀውን በጫማው ጎኑን ይረግጠዋል፤ ጥርሶ የማያውቀውን ሰው ከኋላ አንቆ ይጎትታል። መሬቱ ላይ የተንጠባጠበው ፍሬ ስለሚያንሸራትት የሚማቱት ሰዎች ተቃቅፈው ይወድቃሉ፤ ወድቀውም ይማታሉ።

እታለም ማስታወቂያው ከተለጠፈበት ግድግዳ ሥር እጀታዋን አንስታ መሀላቸው ገባች። ጉልበት አየች ጉልበት መታች፣ ክርን አየች ክርን መታች። መፍቻ የያዘውን ሰው አንጓው ላይ ስትለው አጥንቱ ሲሰበር ተሰማ። መፍቻው ወደቀ፣ ሰውየውም ተንበርክኮ እጁን አቅፎ ማልቀስ ጀመረ። አላዘነችለትም። ያን ዕለት በግራ ጎኗ ነው የተነሳችው፤ ማንም ቢመጣ ከመምታት አትመለስም ነበር።

ግርግሩ በረድ ሲል ከሰልፉ አንድ ቦቴ ጎድሏል። የጩጬ ነበር።

አቋራጩን ደረጃ ይዛ እየሮጠች ወረደች። ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀምሯል። ቦቴው ሰንሰለቱ ጋ ቆሞ ጥሩምባውን ያስጮሃል፤ መውጫውንና የጥፋት መዝገቡን የሚይዙት ሽማግሌ ዘበኛ ሰንሰለቱን ደገፍ ብለው ቆመው አላወርድም ብለዋል። የቦቴው ጣሪያ ላይ ፍሬው እንደተከመረ ነው፤ ዝናቡ በጎን በጎኑ ያወርደዋል። የቫልቩ ክዳን ተከፍቶ ይወዛወዛል።

«ተመለስና አስጠርግ» አለችው ከጋቢናው ሥር ቆማ። «ገና አልጻፍኩም።»

ጩጬ ወረደ። ሰንሰለቱን አውርጂ አላት። ተመለስ አለችው። ሰው ፊት እንዳዋረደችው፣ የሠፈር መሳቂያ እንዳደረገችው፣ ሚስቱ እንኳ የምትንቀው በእሷ የተነሳ እንደሆነ እየጮኸ ነገራት። ከዚያም የማይባለውን አለ።

«አንቺ መቼ ወለድሽ? የወለድሽው ይሄንን ጠጠር ነው።»

«አንተን ነው ያሳደግሁት። ጥፋቴም እሱ ነው» አለችው።

በጥፊ መታት። ጆሮዋ ጮኸ፣ አፏ ውስጥ ደም ደም አላት። በዕድሜዋ ያልመታት ሰው የለም፤ አባትም፣ አሠሪም፣ ነጂም መትቷታል። ይህኛው ግን ሆዷን አባባው፣ ሐዘኑም እዚያው ወደ ቁጣ ዞረባት። እጀታዋን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩ ላይ አሳረፈችው። ቅንድቡ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ሞላው። እጀታውን ነጥቆ ጉልበቱ ላይ ሰበረው፤ በአንድ እጁ አንገቷን ጨብጦ ጀርባዋን ከቦቴው ብረት ጋር አላተማት። ዘበኛው ሊገላግሉ ቢጠጉ በክርኑ ደረታቸውን ብሎ ጭቃው ላይ አንጋለላቸው።

እልህ ምላጭ ያስውጣል ይላሉ። እህቱን ለቀቃትና ወደ ኋላ ሄዶ የቫልቩን እጀታ በጫማው ረገጠው። ፍሬው ተንሿሿና መንገዱ ላይ ይዘረገፍ ጀመር።

«እንኪ፣ ጥረጊ» አላት።

ቫልቩን እንደተከፈተ ትቶት ጋቢና ወጣ። ሰንሰለቱን ለመበጠስ መንደርደሪያ እንዲያገኝ ቦቴውን ወደ ኋላ፣ ወደ ዳገቱ ነዳው። ቫልቩ ከኋላ ነው፤ ወደ ላይ በተመለሰ ቁጥር ፍሬውን መንገዱ ላይ ያነጥፈዋል፣ የፊት ጎማዎቹም በላዩ ያልፉበታል። እየወረደ የነበረው ጥርሶ ከላይ ደንግጦ የራሱን ቦቴ አቆመ። ዝናቡ አሁን ወርዶታል። ከሰንሰለቱ እስከ ቁልቁለቱ አጋማሽ መንገዱ ነጭ ሆኗል።

እታለም ሰንሰለቱ ፊት ቆመች። ዘበኛው ከጭቃው ተነስተው ቀሚሷን ይዘው ጎተቷት፤ አንቺ ልጅ ተይ፣ ደሙ ፈልቷል አሏት። አልሰማቻቸውም። ያቆማል። ይህን ልጅ ታውቀዋለች፤ ሳይጠግብ ሲቀር አለቃቀሱን፣ ሲዋሽ ዓይኑ የት እንደሚሸሽ ሁሉ ታውቃለች፤ ያቆማል።

ቦቴው ወረደ። በዝናብ መጥረጊያው መሀል ፊቱን አየችው፤ ግማሹ ደም ነው። ፍጥነቱ ጨመረ። ከዚያ በጣም ቀርቦ ሳለ የቦቴው አፍንጫ ወደ መሬት ጎንበስ አለ፣ ጎማዎቹ መሽከርከር አቆሙ። ፍሬን ይዟል። ቦቴው ግን አልቆመም። ጎማዎቹ እንደታሰሩ፣ ያ ሁሉ ክብደት በፍሬው ላይ ተንሸራተተ፤ ጎኑን ሰጥቶ፣ ጅራቱ እየቀደመ መጣ። ዘበኛው በሙሉ ክብደታቸው ጎተቷት። የጋቢናው ጠርዝ ትከሻዋን ገጭቶ ከመሬት አነሳት፤ ክንዷ ሲሰበር ሕመሙን ሳይሆን ድምፁን ነው የሰማችው። ከኋላዋ ምሰሶው ፈረሰ፣ ብረት ተቀደደ፣ ቦቴው በጎኑ ወደቀ። ጋቢናው ቦዩ ውስጥ ገባ።

ቀና ስትል የጣሪያው ክዳኖች ተበርግደው ፍሬው ይፈሳል። የግራ እጇ አይታዘዝም። በአንድ እጇና በጉልበቷ እየዳኸች ጋቢናው ጋ ደረሰች። መስታወቱ የለም። ጩጬ ወገቡ በመሪውና በወንበሩ መሀል ተቀርቅሮ ጭንቅላቱ ወደ ቦዩ ተዘቅዝቋል። እግሩ ያለበትን ቦታ አየችና ዓይኗን መለሰች። ውሃው ጆሮው ጋ ደርሷል።

«አውጪኝ» አላት።

ብብቱን ይዛ ሳበችው። ጮኸ፣ ንቅንቅ አላለም። ከቁልቁለቱ የሚወርደው ጎርፍ በሙሉ ወደዚህ ቦይ ነው፤ ወንፊቱ ደግሞ በፍሬው ተለስኖ እንደ ግድግዳ ዘግቶታል። ጠብታ አያሳልፍም። የተሠራው ፍሬ እንዲይዝ ነው፣ ይዟል። ውሃው ጉንጩን ሸፈነ። በደህና እጇ ፍሬውን ከወንፊቱ ላይ ትዝቃለች፣ የዛቀችው ሳይርቅ ተመልሶ ይለጠፋል። ዞር ስትል ጩጬ አንገቱን አቅንቶ ከንፈሩን ከውሃው በላይ ለማድረግ ይታገላል። እናቱን አልጠራም፣ ሚስቱንም አልጠራም። እታለም፣ እታለም ይላል፤ ከዚያ ውሃው አፉን ዘጋው።

ጥርሶ ዲጂኖ ይዞ እየተንሸራተተ ደረሰ። ሴትዮዋ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቁልፉን ስታወጣ አያት፤ ያየውን አላመነም።

«ወንፊቱን?» አላት።

«ወንፊቱን። ግባ፣ አንሳው።»

ቁልፉ ዞረ። ወንፊቱን የውሃው ክብደት ወጥሮ ስለያዘው አልነቃነቅ አለ። ጥርሶ ዲጂኖውን ከሥሩ ሰክቶ ተንጠለጠለበት፣ እሷ በደህና ትከሻዋ ገፋች፣ ዘበኛውም ገቡበት። ዲጂኖው አንዴ አምልጦ የጥርሶን ክንድ እስከ አጥንቱ ዘነጠለው። እየተሳደበ እንደገና ሰካው። ወንፊቱ ተንቋቋ፣ አንድ ስንዝር ተነሳ፣ ከዚያ ጎርፉ ከእጃቸው ነጥቆ ወረወረው። ቦይ ሙሉ ፍሬ፣ ቦቴ ሙሉ ፍሬ፣ አንዲቷ እንዳታመልጥ ብላ የሰው አፍ የሰበረችለት ፍሬ ሁሉ፣ እየተንሿሿ አጠገቧ አልፎ ባሕር ገባ። እያየችው አለቀሰች። ወንፊቱን በማንሳቷ አልተጸጸተችም፤ አለቀሰች ግን።

ውሃው ጎደለ። የጩጬ ፊት ወጣ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትንፋሽ የለውም። መንጋጋውን በጉልበቷ ደግፋ ከፍታ ጣቷን ከተተች። አፉ በፍሬ ተሞልቷል። አንዴ ዛቀች፣ ደገመች፣ ጉሮሮው ድረስ ጣቷን ላከች። በድንገት ጥርሱ ጣቷ ላይ ገጠመ፣ አጥንቷ ድረስ ነከሳት፣ ከዚያ አስመለሰውና ትንፋሹን ሳበ። ጣቷ እየደማ ጭንቅላቱን ደግፋ ያዘችው።

«ፍሬን ይዘህ ነበር» አለችው። «አይቻለሁ።»

ዓይኑን ገለጠ። ሲዋሽ ወደሚሸሽበት አልሸሸም።

«መጀመሪያ አልያዝኩም» አላት። «ዘወር ልትዪ ነው ብዬ ነዳጅ ሰጠሁት። ኋላ ነው የያዝኩት። እታለም፣ መጀመሪያ አልያዝኩም።»

በዚያችው በምትደማ እጇ ፊቱን መታችው፤ አንድ ጊዜ፣ ባላት ኃይል። ከዚያ ጭንቅላቱ እንዳይወድቅ መልሳ ያዘችው፤ ክሬኑ መጥቶ ብረቱን ቆርጠው እስኪያወጡት ድረስም አልለቀቀችውም። ሁለቱም እግሩ ከጉልበቱ በታች ደቅቋል። አንዱን እንኳ ሊያተርፉለት መቻላቸውን የሚነግራት ሰው አልነበረም።

ሥራ አስኪያጁ ጃንጥላ ይዞ ወርዶ ባሕሩን አየ። ከዳርቻው ጀምሮ ዓይን እስከሚደርስበት ነጭ ነው። ወንፊቱን ማን እንዳነሳው ጠየቀ። ጥርሶ ክንዱን በሸሚዙ እያሰረ እኔ ነኝ አለ።

«ይዋሻል» አለች እታለም። «ቁልፉ የኔ ነው፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ። አባባ፣ ይጻፉ።»

ዘበኛው መዝገቡን ከካፖርታቸው ውስጥ አወጡ። አንድም ሳታስቀር አስጻፈች። ከሰልፍ ወጥቷል። ጣሪያው አልተጠረገም። ክዳኑ አልተከደነም። ቫልቩን ከፍቶ አፍስሷል። ሦስተኛ ጥፋት ነው፤ ሦስተኛ ብለው ይጻፉ አለች። ሥራ አስኪያጁ በትዕግሥት ሰምቶ ሲያበቃ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት። ፖሊስ እየመጣ ነው፤ ወንድምሽ ሊገድልሽ ነው የመጣው? ጥርሶ ከላይ ሆኖ ሁሉንም ያየ ሰው ነው፤ አቀርቅሮ ክንዱን ማሰሩን ቀጠለ። ዘበኛውም ብዕራቸውን መዝገቡ ላይ አቁመው ቀና ብለው አላዩዋትም።

«ገና ከላይ ጀምሮ ፍሬን ይዞ ነበር» አለች። «ያንሸራተተው ፍሬው ነው።»

ዘበኛው እንዳለችው ጻፉ።